«መጣ» ልበል ወይስ «መጡ»? የሰባት ሳምንት የምልከታ ልምዴ

ሰባት ሳምንት የፈጀው የምልከታ ልምምዴ በቅርቡ አበቃ። የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነባቸው ያየሁት ለውጥ ደስ ስላሰኘኝ፣ የኢትኖግራፊ (የሰዎችን አኗኗር በቦታው ተገኝቶ የማጥናት) ትምህርት ለጀመራችሁና በሕዝብ መገልገያ ቦታ ተቀምጣችሁ ሰው እንድትመለከቱ ለታዘዛችሁ ሁሉ ያለፍኩበትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የተሰጠን ሥራ ሲነገር ቀላል ነበር፤ አንድ ቦታ መምረጥ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ሰዓት እዚያው መገኘትና ያዩትን መጻፍ። እኔ የመረጥኩት የመንገደኞች መጠበቂያ አዳራሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የወንበሮቹን ብዛትና የበሮቹን አቀማመጥ በመመዝገብ አሳለፍኳቸው፤ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ስለምደነግጥ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ይሸሽ ነበር። ከዚህ ያወጣኝ የሶሲዮሎጂ ሊቁ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሥራ ያስረዳው ሐሳብ ነው። በሕዝብ ቦታ የሚገናኙ የማይተዋወቁ ሰዎች ለአፍታ ይተያዩና ወዲያው ዓይናቸውን ይመልሳሉ፤ በዚህም አንዱ የሌላውን መኖር እንዳወቀ፣ ነገር ግን ሊከታተለው እንደማይፈልግ ይገልጻል። ይህን ካነበብኩ በኋላ በየወንበሩ ሲፈጸም አየሁት። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነበር፤ አንድ ወጣት ወደዚያ ሲመጣ፣ ሦስት ርምጃ ያህል ሲቀረው፣ ሳትጠየቅና ፊቱን ሳታይ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ወጣቱም ተቀመጠ። ሁለቱ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ተግባቡ፤ እኔም በሰው ላይ ማፍጠጥ ለምን እንደሚከብድ ያን ዕለት ገባኝ።

ለረጅም ጊዜ ያታገለኝ ግን ማየቱ ሳይሆን መጻፉ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መምህራችን ደብተሬን ሲመልሱልኝ ከአራት ቃላት ሥር አስምረው ነበር፤ «ተሰላችቶ»፣ «በትዕቢት»፣ «ተጣድፋ»፣ «አፍራ»። በእያንዳንዱ ትይዩ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ምን አይተሽ ነው?» መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ ሰውየው መሰላቸቱን ማንም ቢያየው ያውቃል ብዬ ነበር። ተቀምጬ ያየሁትን ስዘረዝር ግን በእጄ የቀረው ይህ ብቻ ሆነ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን አየ፣ እግሮቹን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ፣ ግንባሩን በመዳፉ ደገፈ። ይህ መሰላቸት ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀትም፣ ራስ ምታትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በዚህ የተነሣ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድኩ። በአራተኛው ሳምንት የጻፍኩት «ቀኝ እጁ ከፍ አለ፤ አንገቱ ወደ ግራ ዞረ» የሚል ሁለት ገጽ ነው። ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን አንብቦ ማን ምን ያደርግ እንደነበር የሚረዳ የለም። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ጥልቅ ገለጻ፣ ማለትም ድርጊትን ከነትርጉሙ ስለመጻፍ፣ ሲያስረዳ ከፈላስፋው ጊልበርት ራይል ወስዶ ያቀረበው ምሳሌ መድኃኒት ሆነኝ፤ የዓይን ቆብ ሳይታሰብ መንቀጥቀጥና ለወዳጅ ሆን ብሎ መጥቀስ እንቅስቃሴያቸው አንድ ነው፣ ትርጉማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ትርጉም የሌለበት ማስታወሻ ጎዶሎ መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ። ስለዚህ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ በኩል ዓይኔና ጆሮዬ የተቀበሉትን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የመሰለኝንና ለምን እንደመሰለኝ እጽፋለሁ።

ችግሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን የግራውን ዓምድ ብቻ ጮክ ብዬ ሳነበው አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው። «አንድ ሰው ገባ፤ በሩ አጠገብ ቆመ፤ አንድ ወጣት ከወንበሩ ተነሣ፤ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ» ይላል። በሩ አጠገብ «ቆመ» ያልኩት ሰው ወንበሩ ላይ «ተቀመጡ» ሆኗል። በመካከሉ በሰውየው ገጽታ ላይ የተለወጠ ምንም የለም፤ የተለወጠው ወጣቱ መነሣቱ ነው፤ አክብሮቱን እኔ ከወጣቱ ተውሼ ጻፍኩት። ቀደም ያሉትን ገጾች ስገልጥ ደግሞ የባሰ አገኘሁ። በአዳራሹ ሻንጣ የሚሸከም፣ ባርኔጣ ከደፉት ሰው በዕድሜ የማያንስ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር፤ እሱን በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «እሳቸው» ብዬ አልጻፍኩም። ይህን ማየት በጣም ከበደኝ።

ለማረም ብዙ ሞከርኩ። ሁሉንም «እሱ» ብዬ ስጽፍ ለጆሮዬም ሻከረኝ፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን የክብር ልዩነትም ደበቀብኝ። ሁሉንም «እሳቸው» ማለትም ያው ነው። በመጨረሻ የደረስኩበት ዘዴ፣ በእጄ የመጣውን ሳላርም ጽፌ፣ ከ«እሱ» ወደ «እሳቸው» የተሻገርኩበትን ቦታ ሁሉ መክበብና በቀኝ ዓምድ ምን እንዳሻገረኝ መጠየቅ ነው፤ ዕድሜ፣ ልብስ፣ ሥራ ወይስ የሌላ ሰው ድርጊት? ለመጨረሻው ጽሑፌ ከሁሉ የበለጠ የጠቀሙኝ እነዚያ ክቦች ናቸው። ስለዚህ ማስታወሻቸውን በእንግሊዝኛ ከሚይዙ ጓደኞቼ ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ሙያዊ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ቀድመው እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንቱታን የማይለይ ተውላጠ ስም ይህን ሁሉ ሸፍኖ ያልፋል።

በስልክ ፎቶ ማንሣትንም ለጀማሪ አልመክርም። የከተማ ሕይወት አጥኚው ዊልያም ዋይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ አደባባዮች ሰዎች የት እንደሚቀመጡ በፊልም እየቀረጸ ያጠና ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ጥናት ካሜራ ይጠቅማል። እኔ ግን ስልኬን በተማመንኩበት ቀን ኋላ አየዋለሁ እያልኩ ሳላይ ተመለስኩ፤ የማያውቁኝን ሰዎች ፊት ይዤ መሄዴም አላስደሰተኝምና ፎቶዎቹን አጠፋኋቸው። ማስታወሻውን በዚያው ዕለት ማስፋፋት ግድ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን አሳድሬ የጻፍኩት ንግግር የተናጋሪዎቹ ይሁን የእኔ መለየት ስላቃተኝ ለመምህራችን ነግሬ ሰረዝኩት።

አንድ ሳልናገረው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። በስድስተኛው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምንድን ነው የምትጽፊው ልጄ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ደብዳቤ ነው» አልኳቸው። በሕዝብ ቦታ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎችን ለመመልከት የእያንዳንዱን ፈቃድ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ግዴታ አይሆንም፤ የጠየቀን ሰው መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው። እሳቸውን የሚመለከተውን ገጽ ቀድጄ አስወገድኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ተማሪ መሆኔንና ምን እንደምጽፍ እናገራለሁ፤ ካልፈለጉም እተወዋለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቃለ መጠይቅ እንሸጋገራለን። መጀመሪያ ለማነጋገር ያሰብኩት ሻንጣ የሚሸከሙትን አባት ነው፤ ፈቃዳቸው ከሆነ አምስት ሳምንት ስመለከታቸው እንደነበር እነግራቸዋለሁ፣ ደብተሩንም እወስድላቸዋለሁ።