በአንድ ቆጣሪ ሦስት ቤት

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰቦች አንድ የመብራት ቆጣሪ እንጋራለን። የወሩ ሂሳብ ሲታወቅ የቤቱ ባለቤት እማማ በየበራችን እየመጡ ይነግሩናል፤ ክፍያውም ለረጅም ጊዜ የሚከፋፈለው በአምፖል ቁጥር ነበር። በጥር ወር መጀመሪያ ግን የታኅሣሡ ፍጆታ 358 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ሲመጣ የሁላችንም ዓይን ያረፈው ሁለት ልጆቿን ብቻዋን በምታሳድገው ጎረቤታችን ፍሪጅ ላይ ነበር። «ምጣዱን የምንጥደው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ፍሪጁ ግን ሌት ተቀን ይሠራል» አሉ እማማ። እኔም ነገሩ እውነት መስሎኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስለከነከነኝ በተከታዩ እሑድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ።

በየዕቃው ጀርባ የሚጻፈው ዋት ዕቃው ኃይል የሚስብበትን ፍጥነት ብቻ ነው የሚናገረው። የምንከፍለው ግን ያ ፍጥነት ዕቃው በሠራበት ሰዓት ተባዝቶ ለሚገኘው መጠን ነው፤ አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ትንሽ እየሳበ ሲሠራ የሚውለውንና ብዙ እየሳበ ጥቂት የሚቆየውን ዕቃ በግምት ማወዳደር አይቻልም። ለመለካት ደግሞ ቆጣሪው ራሱ ይበቃል። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሆንም እዚያው ተጽፏል። በእኛ ቆጣሪ ላይ ቁጥሩ 1600 ነው። በግቢው ያለውን ሁሉ አጥፍተን በጋራው ማዕድ ቤት ያለውን ምጣድ ብቻ ስናበራ በአንድ ደቂቃ 101 ብልጭታ ቆጠርኩ። ይህም በሰዓት 6060 ብልጭታ ነው፤ ለ1600 ሲካፈል 3.8 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል።

አንድ ቤተሰብ 25 እንጀራ ለመጋገር፣ ምጣዱ እስኪግል የሚያልፈውን 15 ደቂቃ ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ይህ 5.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሦስታችንም በሳምንት ሁለት ሁለት ጊዜ ስለምንጋግር በወር 26 ጊዜ ያህል ምጣዱ ይበራል፤ ድምሩም ወደ 148 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። «በሳምንት ሁለት ቀን» ያልነው ምጣድ ብቻውን ከጠቅላላው ፍጆታ ከሲሶ በላይ ይወስዳል ማለት ነው።

ፍሪጅ አንዴ እየሠራ አንዴ እያረፈ ስለሚሄድ በአንድ ደቂቃ ቆጠራ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ከእርሱ በቀር ሁሉንም አጥፍተን ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለውን የንባብ ልዩነት አየሁ፤ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነበር። ቀን በሩ የሚከፈትበትን ጨምሬ በቀን 0.9 ብለው በወር 27 ይሆናል፤ ከጠቅላላው አሥራ ሦስት እጅ አንዱ እንኳ በቅጡ አይሞላም። የደሴ ብርድም ያግዘዋል፤ ያው ፍሪጅ ቆላማ ከተማ ውስጥ ቢሆን ከዚህ የበለጠ በሠራ ነበር።

በአንጻሩ ብርዳማው ከፍታችን የሚያስከፍለን በምድጃው በኩል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ስንወርድ ወደ 94 ይደርሳል። ባቄላና ሽምብራ በደሴ ለመብሰል የሚዘገዩት ለዚህ ነው። ድስቱ ከፈላ በኋላ ምድጃውን በሙሉ ኃይል መተው እንፋሎቱን እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም፤ ስለዚህ ቁልፉን ዝቅ አድርጎ መክደን ያዋጣል። አምፖሎቹ፣ ያ ሁሉ ክፍያ በእነርሱ ቁጥር ሲከፋፈል የኖረባቸው አምፖሎች፣ ባለ 9 ዋት ስለሆኑ አሥሩም በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞሉም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን መብራት ሲደክም የሚሆነው ነገር ነው። በከተራ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ለጥምቀት ሲጋግር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤት በቴስተር ለካልኝና 220 መሆን የነበረበት ቮልት 185 ሆኖ ተገኘ። የምጣድ ኃይል የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ ሳይሆን ቮልቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ስለሆነ የምጣዱ ጉልበት ወደ 70 በመቶ ወርዶ ነበር። አንዳንዶች «ኃይሉ ስለቀነሰ ሂሳቡም ይቀንሳል» ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ምጣዱ በርቶ በቆየ ቁጥር ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል፤ እንጀራው በዘገየ መጠን ለአየሩ የሚባክነው ድርሻ ይበዛልና ለዚያው 25 እንጀራ ከወትሮው የበለጠ ይፈጃል። ለበዓል ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድሞ መጋገር ስለዚህ እውነተኛ ቁጠባ ነው።

የጋራ ቆጣሪው ራሱ ሌላ ጉዳት አለው። የቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ዝቅተኛው ሲሆን ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል፤ ከመስከረም 2017 ወዲህም ዋጋው ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ቆይቷል። የእኛ 358 ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት 119 ይደርሳል። ይህም ከ101 እስከ 200 ባለው እርከን ያርፍ ነበር፤ አንድ ላይ ሲቆጠር ግን ከ300 በላይ ወዳለው እንወጣለን። እርከኑ የተሠራው አነስተኛ ተጠቃሚን ለማገዝ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ቆጣሪ የታጨቁ ተከራዮች ግን እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይቆጠራሉ። ይህ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ማሰቤ አልቀረም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከጦሳ ተራራ በእኛ በኩል የሚወርደው ዝናብ በቦርከና አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በኩታበር በኩል የሚወርደው ግን በበሽሎ ዓባይ ይገባና እስከ ግድቡ ይደርሳል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 130 ሜትር ያህል ወርዶ ተርባይን ሲያዞር የሚሰጠው ከሲሶ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ያነሰ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ለሚጋግረው እንጀራ ከ17 ሜትር ኪዩብ በላይ፣ ማለትም 90 በርሜል የሚጠጋ ውሃ፣ መውረድ አለበት። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ሊጥ ሳይቀርብ ምጣድ ማጋል ይከብደኛል።

ቁጥሮቹን ለእማማ በዝርዝር አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም አንድ በአንድ ጠይቀው ተቀበሉኝ። አሁን የምንጋግረው ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳይጠፋ ሦስታችንም በተራ እንጋግርበታለን። በሳምንት ስድስት ጊዜ ይግል የነበረው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚግል ከዚህ ብቻ በወር 16 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። ክፍያው በአምፖል መከፋፈሉ ቀርቶ እያንዳንዱ ቤት የጋገረው እንጀራ ቆጣሪው አጠገብ በተንጠለጠለው ደብተር ይመዘገባል፤ የፍሪጁ 27ም በጎረቤታችን ስም ብቻ ይጻፋል። ጎረቤታችንን ይቅርታ የጠየቅኋት በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሊጣችንን ይዘን ምጣዱ እስኪግል አብረን ስንጠብቅ ነበር።