«ይህን ማን አያውቅም?»

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል።

ማይንክራፍት ለሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ሰርቨሮች ፕለጊን፣ ማለትም ጨዋታው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ የምንሠራ ትንሽ ቡድን ነበርን። አንዲት ልጅ አዲስ ተቀጠረች። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምራለች፤ ጨዋታውንም አብጠርጥራ ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ተጫዋች ሲገባ ሰላም የሚል ፕለጊን መሥራት ነበር። እጅ ማፍታቻ ነው፤ ለደንበኛ የሚሄድ አይደለም።

ኃላፊያችን መመሪያ ብሎ የላከላት ሦስት መስመር ነው። ጃቫ ጫኚ። ኢንቴሊጄ ጫኚ። አዲስ የማቨን ፕሮጀክት ክፈቺ። ኢንቴሊጄ ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው፤ ማቨን ደግሞ ኮዱን የሚገነባ መሣሪያ። «የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አላት።

ጃቫ ጫኚ ሲባል የትኛውን? ጨዋታው እስከ ስሪት 1.16 ድረስ በጃቫ 8 ይሄድ ነበር። በ2021 የወጣው 1.17 ጃቫ 16 ጠየቀ። 1.18 ወደ 17 ከፍ አደረገው። 1.20.5 ደግሞ ቢያንስ 21 ጠየቀ። የእኛ የሙከራ ሰርቨር ያኔ 1.20.1 ላይ ነበር፤ ፔፐር የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ነው፣ የሚሠራውም በጃቫ 17። ልጅቷ ግን ጫኚ ስለተባለች አዲሱን ጫነች፣ 21ን። በእሷ ቦታ ማንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኢንቴሊጄ ደግሞ አዲስ የማቨን ፕሮጀክት ሲከፍት ያገኘውን የጄዲኬ (የተጫነው የጃቫ መሥሪያ) ቁጥር ራሱ ፖም ፋይሉ (የማቨን ማዋቀሪያ) ላይ ይጽፋል። ስለዚህ 21 ብሎ ጻፈ። ማቨንም ምንም ሳያጉረመርም ጃሩን፣ ማለትም የተገነባውን የፕለጊን ፋይል፣ ሠርቶ ሰጣት።

ጃሩን ፕለጊኖች የሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ከተተችው። ሰርቨሩን አስነሳች። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

በቡድኑ ግሩፕ ላይ ጠየቀች። ኃላፊያችን ሎጉን (ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ) እንኳ ላኪልኝ አላላትም። «ሰርቨሩ ደህና ነው። ኮድሽን እንደገና እይው» ብሎ መለሰላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጃቫ ላይ የሚከብድሽ ነገር ካለ ከአሁኑ ንገሪን» አለ። ይህን ሁላችንም እያነበብን ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

«ምን ላይ ደረሽ?»

«ኮዴ ልክ አይደለም መሰለኝ። እየሰረዝኩ እንደገና እየጻፍኩት ነው።»

«ልክ አይደለም ያለሽ ማን ነው?»

«እሱ ነዋ።»

«ሎጉስ ምን ይላል?»

ዝም አለች። «አንብቤዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስለ ጃቫ ስሪት የሚያወራ ነገር አለው። ግን እሱ ኮዱ ነው ካለ እኔ በደንብ ያልገባኝ ነው ብዬ ተውኩት።»

ይህቺን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ልጅቷ ሎጉን አንብባለች። ምልክቱንም አይታለች። ግን የምታየው ነገር እና የአለቃዋ ቃል ሲጋጩ አለቃዋን አመነች። ምን ታድርግ? ሥራ ከጀመረች ገና ቀናት ናቸው። ሰዓታት ሙሉ ደህናውን ኮድ ስትሰርዝ የዋለችው በዚህ ምክንያት ነው። ችሎታማ ነበራት።

አብረን ከላይ ጀምረን አነበብነው። ጃሩ የተሠራው በ65.0 ነው፤ ይህ ጃቫ የሚያውቀው እስከ 61.0 ብቻ ነው ይላል። ቁጥሮቹ የክላስ ፋይል፣ ማለትም የጃቫ ኮድ ሲገነባ የሚወጣው ፋይል፣ ስሪቶች ናቸው። 44 ሲቀነስላቸው የጃቫው ቁጥር ይወጣል፦ 65 ማለት 21፣ 61 ማለት 17። ፖሙ ላይ 21ን ወደ 17 ቀየረች፣ እንደገና ገነባች፣ ሰርቨሩን አስነሳች። ፕለጊኑ ተነሳ።

እኔ ግን በዚህ አልረካሁም። ኢንቴሊጄ የተሰረዘን ኮድ በሎካል ሂስትሪ ያስቀምጣል። ጠዋት መጀመሪያ የጻፈችውን፣ ያንን ሰርዣለሁ ያለችውን፣ አወጣነውና በ17 ገነባነው። አንድ ፊደል አልነካንም። ሠራ! ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ ንዴትም ነበረበት። ንዴቱ ይገባታል።

ለኃላፊያችን ሄጄ ነገርኩት። ከስክሪኑ ቀና ሳይል «ይህን ማን አያውቅም?» አለኝ።

እሷ አታውቅም። ማንስ ነግሯት? የእሱ ኮምፒውተር ላይ በዓመታት የተጠራቀሙ ጄዲኬዎች አሉ። ፓዙም (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ድሮ ተስተካክሎ ያለቀ ነው፤ ለየፕሮጀክቱ ትክክለኛው ስሪት ተመርጦለታል። እሱ ይህን ሁሉ ስለረሳው ሥራው ግማሽ ሰዓት መሰለው። የረሳውን ነገር ሌላው በተፈጥሮ እንዲያውቀው መጠበቅ ግን ትልቅ በደል ነው። ጎበዝ ሰዎች ይህን ሙያ ጥለው የሚሄዱት ብዙ ጊዜ እዚሁ በር ላይ ነው፤ አንድ መስመር ኮድ እንኳ ሳያስነሱ። ይህንኑ ነገርኩት። «እሺ፣ ጻፉት እንግዲህ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጻፍነው። አብዛኛውን የጻፈችው እሷ ናት። የትኛው ጄዲኬ እንደሚጫን፣ ፖሙ ላይ የትኛው ቁጥር እንደሚገባ፣ የፔፐር ኤፒአይ፣ ማለትም ፕለጊኑ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ኮድ፣ ፖሙ ላይ ለምን ፕሮቫይድድ ተብሎ እንደሚገባ (ሰርቨሩ ራሱ ስላለው ጃሩ ውስጥ መታጨቅ የለበትም)፣ የፕለጊኑ ያምል ፋይል (ስሙና ስሪቱ የሚጻፍበት) ሪሶርስስ ፎልደር ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ እዚያ ፋይል ውስጥ ታብ እንደማይነካ። ጥሩ ሰነድ ነበር። ኮርቼበታለሁ።

ከዚያ ሰርቨሩን ወደ 1.21 አሳደግነው። ሰነዱን ማንም አላስታወሰውም። ቀጥሎ የተቀጠረው ልጅ በሰነዱ መሠረት 17ን ጫነ። ኮዱ ኮምፓይል እንኳ አላደርግ አለው፤ ማለትም አልገነባ አለ። ኤረሩ የፔፐሩ ክላስ ፋይል 65.0 ነው፣ መሆን ያለበት 61.0 ነው ይላል። እነዚያው ቁጥሮች፣ በተገላቢጦሽ። ልጁም ሰነዱን እንጂ ኤረሩን አላመነም። እሷ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ያየኸውን ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለችው። አነበበ። ብዙም ሳይቆይ ገባው።

በዚያው ቀን ሰነዱን አስተካከለችና ከላዩ ላይ የሰርቨሩን ስሪትና የታደሰበትን ቀን ጻፈች። አሁን ኃላፊያችን ለአዲስ ሰው ሁሉ የሚልከው እሱን ነው፤ «ሁሉም ነገር እዚያ አለ» እያለ። ማን እንደጻፈው አይናገርም። ግሩፑ ላይ በሁላችን ፊት ስለጻፈላት ነገርም እስካሁን ይቅርታ አላላትም።