የጋራ ሰንጠረዥን የሌሎችን ሥራ ሳያውኩ ማጣራት

ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በምንሠራበት የጎግል ሺትስ ሰንጠረዥ ላይ ተራውን ማጣሪያ ያበራሁ ዕለት፣ አንዲት ባልደረባዬ እየሞላቻቸው የነበሩት ረድፎች በድንገት ከፊቷ ስለጠፉ መረጃው የተሰረዘ መስሏት እጅግ ደነገጠች። ተራው ማጣሪያ የሚደብቃቸው ረድፎች ፋይሉን ለከፈተ ሁሉ ይደበቃሉና ድንጋጤዋ ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ዳታ» ከሚለው ምናሌ «ፊልተር ቪው» የተባለውን እይታ እፈጥራለሁ፤ በእርሱ ውስጥ ባጣራም ሆነ ቅደም ተከተሉን ብለውጥ የሌሎች ስክሪን አይነካም፣ ስም ሰጥቼ ካስቀመጥኩትም በሌላ ቀን እመለስበታለሁ። የማየት ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው እንኳ ስም ተሰጥቶ የማይቀመጥ ጊዜያዊ ፊልተር ቪው መጠቀም ይችላል። በኤክሴል ተመሳሳዩ አገልግሎት «ሺት ቪው» ይባላል። አጥብቄ የማሳስበው ግን የተለየው እይታው እንጂ ይዘቱ አለመሆኑን ነው፤ በዚያ ውስጥ ሆነው የሚያርሙት ወይም የሚሰርዙት ሕዋስ ለሁሉም ተጠቃሚ ይለወጣል።