ጉበት ላይ ሁለት እብጠት ሲታይ

ባህር ዳር አልትራሳውንድ ላይ የሚሠራ ሰው ጉበት አያጣም። ከዘጌ በሉት ከደልጊ፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ይመጣል፣ እብጠት ይታያል፣ ወደ ሲቲ ይላካል። እብጠቱ ሁለት ሲሆን ደግሞ ሁላችንም አፍ ላይ የምትመጣው «ተሰራጭቷል» ናት። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነን። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ልክ ያልሆንን ጊዜስ የሚለው ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰር ያለ ባዮፕሲም (በመርፌ ናሙና ሳይወሰድ) በሲቲ ይባላል እኮ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ማድመቂያ፣ ኮንትራስቱ፣ አርቴሪያል ፌዝ ላይ (ገና በደም ቅዳ ሲደርስ) ቦግ አድርጎት ቆይቶ ጨለም ካለ በቃ እሱ ነው እንላለን። ችግሩ ኒውሮኢንዶክራይን የሚባሉት፣ ሆርሞን ከሚሠሩ ሴሎች የሚነሱት ዕጢዎችም ደም ስለሚበዛባቸው ቦግ ይላሉ፣ አንዳንዴ ኋላ ላይም ይጨልማሉ። ሁለቱ ባንድ ጉበት መገናኘታቸው እጅግ ብርቅ ነው፣ ከተገናኙ ግን ሲቲው መንታ ያደርጋቸዋል፣ መርፌውም ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ወግቶ ይመለሳል።

ፔት ስካን (ትሬሰር የሚባል ትንሽ ጨረር ያለው ነገር ተወግቶ የት እንደተከማቸ የሚያሳይ ፎቶ) የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። የተለመደው ትሬሰር ኤፍዲጂ ስኳር መሰል ነገር ነው፣ ካንሰር ይወደዋል፣ ግን ብዙም ያልከፋ የጉበት ካንሰር እንደ ጤነኛው ጉበት መልሶ የሚለቅበት ኢንዛይም ስላለው ፎቶው ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ዶታቴት የሚባለው ሌላው ትሬሰር ደግሞ ጨረር የሚሰጠውን ጋሊየም 68 ተሸክሞ ሶማቶስታቲን ሪሴፕተር (የሶማቶስታቲን ሆርሞን መቀበያ) የበዛበት ሴል ላይ ይለጠፋል፣ ኒውሮኢንዶክራይኑ ያኔ ያበራል፣ ከቆሽት ይሁን ከአንጀት መነሻውንም ሊያሳይ ይችላል። ባንዱ ትሬሰር አንደኛው በርቶ ጎረቤቱ ከጨለመ ሁለቱንም ውጉ ማለት ነው። ባዮፕሲን አይተካም፣ የት እንደሚወጋ ግን ይነግራል። ሕክምናቸው ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ ለኒውሮኢንዶክራይኑ በየወሩ ኦክትሪዮታይድ የሚባል መድኃኒት ይወጋል፣ የጉበት ካንሰሩ ከተቻለ ተቆርጦ ይወጣል ወይ ባለበት ይቃጠላል።

ወደ ጣና ስንመጣ። ኤፍዲጂው ውስጥ ጨረር የሚሰጠው ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ግማሹ ይጠፋል። አዲስ አበባ ተሠርቶ በመኪና አባይ በረሃን አቋርጦ 10 ሰዓት ቢፈጅበት የሚደርሰን ከመቶ 2 ምናምን ነው፣ በአውሮፕላን ካልሆነ አይታሰብም። ጋሊየሙማ በ68 ደቂቃ ነው ግማሹ የሚያልቀው፣ ግን ጄኔሬተር ከሚባል ትንሽ ዕቃ ነው የሚወጣው (የመብራቱ አይደለም)፣ ውስጡ ያለው፣ ቀስ እያለ ወደ ጋሊየም የሚቀየረው ጀርማኒየም በግማሽ ለመቀነስ 271 ቀን ይፈጅበታል። እንደ ላም ጠዋት ታልበዋለህ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ሞልቶ ይጠብቅሃል። የፔት ማሽኑ አንድ ቀን እዚህ ቢመጣ ሰው ሁሉ ስለ ሳይክሎትሮን (ፍሎሪን 18 የሚሠራው ትልቅ ማሽን) ሲያወራ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጄኔሬተሩን ነው።

እስከዛው ሁለት እብጠት መልካቸው ካልተመሳሰለ ሪፖርቴ ላይ ለየብቻ ነው የምጽፋቸው፣ የፈለገ ይሳቅብኝ።