በማህተም የተረጋገጠ መላጣ

የቨርጂኒያ መንግሥት መላጣ መሆኔን መዝግቦ ይዟል። ከ2019 ጀምሮ። ማንም ሰው 1 ዶላር ከፍሎ ኮፒውን ማውጣት ይችላል። ባለቤቴ "በቃ እርሳው" ትለኛለች። እሷ ምን አለባት፣ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነው።

ነገሩን የጎተተው የዜግነት ፎርም ነው። ፖሊስ ይዞህ፣ ከሶህ ወይ ቲኬት ጽፎብህ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ገጽ አለው። የተራ ፍጥነት ቲኬት ቢሆን ማንም አይጨነቅም። የኔ ግን ተራ አልነበረም። በቨርጂኒያ ሕግ ያኔ በሰዓት ከ80 ማይል በላይ የነዳ ሰው፣ መንገዱ 70 የሚፈቅድ ቢሆን እንኳ፣ "ሬክለስ ድራይቪንግ"፣ በግዴለሽነት መንዳት፣ ነው የሚባለው። ይሄ ቲኬት አይደለም፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያለው ወንጀል። እኔ የተያዝኩት በ82 ነው።

ሻርሎት ለሰርግ ስንሄድ ነበር። ሚዜ ነበርኩ። ከጁላይ 2020 ጀምሮ ደግሞ ወንጀል የሚያሰኘው ጣሪያ ከ80 ወደ 85 ከፍ ብሏል። ሙሽራው አንድ ዓመት ቢታገሥ እኔ ወንጀለኛ አልባልም ነበር። እርግጥ በ2020 ሰርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ ቲኬትስ መቼ ይኖር ነበር?

ዳኛው ደግ ሰው ነበሩ፤ ክሱን ወደ ተራ ፍጥነት ዝቅ አደረጉልኝ፣ ከፈልኩ፣ ተረሳ። አሁን ግን ፎርሙን የሚሞላልኝ ሰውዬ "በፍርድ ቤቱ ማህተም የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ አምጣ" አለኝ። የስቴቱ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ስሜን ጻፍኩ። በነጻ ነው፣ ወዲያው ወጣ። ክሱ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ውሳኔው አለ። ግን ከስክሪን ላይ ፕሪንት የተደረገ ነገር ማህተም የለውም። ማህተሙ ያለው ጉዳዩ የታየበት ካውንቲ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነው። በፖስታም መጠየቅ ይቻላል። እኔ ግን ጉዳይ በአካል ካልሄዱበት አይንቀሳቀስም ተብሎ ያደግኩ ሰው ነኝ። ተነሳሁ።

ካውንቲውን አልጠራውም። ከሪችመንድ በታች ነው፣ ይበቃል። መንገዱን በሙሉ በ65 ነዳሁ። አንድ የበቆሎ ማጨጃ የጫነ ከባድ መኪና ሲያልፈኝ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ።

ከተማው ውስጥ ዓምድ ያለው፣ ሰዓት ያለው፣ ግቢው ላይ መድፍ የቆመበት ፍርድ ቤት አለ። ፍርድ ቤት ማለት ይሄ ነው ብዬ ገባሁ። አይደለም። እሱ ሰርኪዩት ኮርት ነው፤ የመሬት ካርታ፣ ኑዛዜ፣ ፍቺ፣ ከባድ ወንጀል። የኔ ቢጤ የመንገድ ጉዳይ ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት ነው፤ እሱም ከኋላ ያለው የጥርስ ሐኪም ቤት የሚመስል ሸክላ ቤት ነው። እዚያ ስደርስ ደግሞ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስልኬን አየና "ወደ መኪናህ መልሰው" አለኝ። ስልክ አይገባም። መለስኩት። የመዝገብ ቁጥሬ ያለው ስልኩ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ መስኮቱ ጋ ስደርስ ነው። "ጂቲ" ብሎ እንደሚጀምር አስታውሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ድፍን ጨለማ ነው።

መስኮቱ ውስጥ ያሉት ሴትዮ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የደቡብ ሰው አነጋገር ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። "ችግር የለም ሃኒ፣ በስምም ይወጣል" አሉኝ። ስሜን ፊደል በፊደል ነገርኳቸው። ሄዱ። እኔም ተደገፍኩ። ያገራችንን መዝገብ ቤት ስለማውቀው ቢያንስ "ፋይሉ ወጪ ሆኗል፣ ነገ ተመለስ" መባል እጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ ግን ቡና አፍልቶ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱን ይዘው መጡ። በሕይወቴ ፋይል በጠፋ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ብቻ ነው።

የቨርጂኒያ የትራፊክ መጥሪያ አንዲት ወረቀት ናት። ከፊት ክሱ፣ ከኋላ የዳኛው ውሳኔ። ከፊት በኩል ፖሊሱ የሚሞላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይን ቀለም፣ ፀጉር። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ያንተ መሆኑን እናረጋግጥ" አሉ። በዚያ ካውንቲ የኔ ስም ያለው ሌላ ሰው ካለ እኔም ላገኘው እፈልጋለሁ። ቁመቴን አነበቡ። ክብደቴን አነበቡ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ አይደለም። "ዓይን ቡናማ። ፀጉር..."

ቆም አሉ። በመነጽራቸው በላይ ጭንቅላቴን አዩ።

"መላጣ። አዎ፣ አንተ ነህ።"

"ይቅርታ፣ ያ ብላክ ነው የሚለው" አልኩ።

ወረቀቱን አዞሩልኝ። ፖሊሱ ሦስት ፊደል ጽፏል። ጥቁር ፀጉር ቢ፣ ኤል፣ ኬ ነው። መላጣ ቢ፣ ኤ፣ ኤል ነው። የሰውዬው ጽሕፈት ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጻፈው ዓይነት ነው። እኔ ኬ ታየኝ። ሴትዮዋ ኤል ታያቸው። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ሳይጠራ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ እኔን።

"ኤል ነው" አለ።

ያኔ ፀጉር ነበረኝ። ልድገመው፤ በ2019 ፀጉር ነበረኝ። ግንባሬ ትንሽ ገፋ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥፋቱ የፀጉር አስተካካዬ ነው። በሰርጉ ዋዜማ "ለሚዜ የሚሆን፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ" ብዬው ተቀመጥኩ። እሱ በጆሮው ስልክ ሰክቶ ስለ አርሰናል ይከራከራል። ክርክሩ ሲጋጋል ማሽኑም ይጋጋላል። ቀና ስል አንድ ቁጥር ሆኛለሁ። "ያምርብሃል" አለኝ። ያውም እስከ ዛሬ ሙሉ ዋጋ ነው የሚያስከፍለኝ፣ ቲፑ ሳይቆጠር። ለዚህ ጭንቅላት! በስኩዌር ኢንች ቢሰላ እኮ ግማሹን እንኳ አይነካም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? "ይህቺን ማስተካከል ይቻላል?" አልኳቸው። ሴትዮዋ ኮስተር ብለው "መዝገብ እኛ አንነካም ሃኒ። ለዳኛው አቤቱታ ማስገባት ትችላለህ" አሉ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በጭንቅላቴ ውስጥ ችሎቱ አልተነሳም። ኮመንዌልዝ ኦፍ ቨርጂኒያ በአንድ በኩል፣ የኔ ጭንቅላት በሌላ በኩል። ዓቃቤ ሕጉ "ተከሳሽ ኮፍያውን ያውልቅልን" ይላል። የኔ ማስረጃ የሰርጉ አልበም ነው፤ እሱም አይረዳኝም፣ ፎቶ አንሺው መብራቱን በቀጥታ አናቴ ላይ ነው የለቀቀው። ፖሊሱ ቀርቦ ይመሰክራል። በራዳር የለካው ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ሰውዬው የወደፊቱንም ለክቷል። ምስክሬ ፀጉር አስተካካዬ ነው። "ፀጉር ነበረው ወይ?" ሲባል ስለ አርሰናል ያወራል። ዳኛው ምናልባት ደግ ከሆኑ ወደ "የሳሳ" ዝቅ ያደርጉልኛል።

አቤቱታውን አላስገባሁም።

ሴትዮዋ ፊቱንም ጀርባውንም ኮፒ አደረጉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች 1 ዶላር። ማህተሙን ሲመቱት ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ልወጣ ዞርኩ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እኮ ምንም አልልም ነበር። ሴትዮዋ ግን አዘኑልኝ።

"ሃኒ" አሉኝ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ፣ "የኔም ባል እንዳንተው ነው። ጣጣ የለውም፣ ሻምፑ አታወጣም።"

ባለ ኮፍያው ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ። ጥበቃው ሳይቀር ፈገግ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስነዳ ሰማሁት፣ ስተኛ ሰማሁት፣ ሻወር ቤት ቆሜ የሻምፑውን ጠርሙስ ሳይ ሰማሁት። ለነገሩ ሻምፑ አወጣለሁ። ያውም ውድ የሆነውን፣ ያበቅላል የሚባለውን።

አሁን ወረቀቱ ከፎርሙ ጋር ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። እስካሁን የሚያውቀው ካውንቲውና ስቴቱ ነበር፤ ከእንግዲህ የፌደራሉም መንግሥት ሊያውቅ ነው። ሳጥኗ ላይ ስቴፕለር ልመታ አስቤ ነበር፤ ፎርም የሚሞላልኝ ሰውዬ "ማህተም ያለበትን ወረቀት እንዳትነካካ" አለኝ። እሱም ሲያነበው ቀና ብሎ አናቴን አይቷል። አይቻለሁ።

ሙሽራውን ደውዬ ወቀስኩት። የስንቱ መዘዝ እሱ እንደሆነ ነገርኩት። ሳቁ ሲያልቅ "የመዝገብ ቁጥሩን ላክልኝማ፣ በፍሬም አድርጌ የጋብቻ በዓላችን ቀን ሳሎን እሰቅለዋለሁ" አለኝ። አልሰጠሁትም፣ ስልኩን ዘጋሁበት።

ትንሽ ቆይቶ ቴክስት ላከ። "ሴትዮዋ በስምም ይወጣል ብለውኛል። ቴምብር ገዝቻለሁ።"