በአሮጌው የአዳማ መንገድ በሳይክል

የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ሳይክል አያስገባም። ለእኛ ያለን አሮጌው መንገድ ነው፤ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል በጥቅሉ ቁልቁለት ነው። ጉልበት አይጨርስም። የሚጨርሰው ትዕግሥት ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቦሌ ወጣሁ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የሳይክል መንገድ፣ አልፎ አልፎ ሞተር ቢቆምበትም፣ ደስ ይላል። ቃሊቲ ስደርስ ግን ለሳይክል ተብሎ የተከለለ ነገር የለም። ሁሉም የአቅሙን ይጋፋል።

ሰው ሁሉ ያስጠነቀቀኝ ከሲኖትራክ ነበር። ቀይ ሽብር የተባለው በከንቱ አይደለም። እኔን ያማረረኝ ግን ሚኒባስ ነው። ክላክስ እያጮኸ ያልፍሃል። ትንሽ እንኳ ሳይርቅ «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ ፍሬቻ የለ፣ ምን የለ፣ ጥጉን ይዞ ቀጥ። በግራ ልለፈው ስትል ከኋላ አይሱዙ ይጮህብሃል። አቃቂ ላይ የአንዱ በር ተበርግዶ እጄን ለጥቂት ሳተኝ። ረዳቱ ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «ትልቅ ሰው ሆነህ ሳይክል? ሰፈርህ አትጫወትም!» ብሎኝ ሄደ።

ከበሩ ይልቅ ይቺ ከነከነችኝ። ያደግሁት ባህር ዳር ነው። አባቴ ከረባቱን አስሮ ቢሮ የሚሄደው በሳይክል ነበር። መምህሩም፣ ነርሷም፣ ጠጅ ቤት የሚያመሸውም በሳይክል ነው። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት መንገዱ የእኛ ነበር፤ ባለመኪናው ነበር ፈራ ተባ የሚለው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የጋለበው ይሄንኑ መጫወቻ ነው ብዬ ልመልስለት አማረኝ። ማን ቆሞ ሊሰማኝ!

ዱከምን ከነቁርጡ አለፍኳት። ቢሾፍቱ ሻይ ጠጣሁ፤ ሐይቅ አላየሁም።

ሞጆ ማደሬ ክፉ ሐሳብ ነበር። ፔንሲዮኑ 600 ብር፣ ለሳይክሉ ደግሞ 150። «አልጋ ላይ አይተኛ!» ብላት፣ «ቦታ ይይዛል» አለችኝ ልጅቷ፣ ፊቷን ከስልኳ ሳታነሳ። ደረቅ ወደቡ እዚያው ስለሆነ ተሳቢዎች ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሲያሞቁ አደሩ። ትንኙም አልማረኝም።

ጠዋት ፉል ስበላ አጠገቤ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ተቀምጠው ነበር። ሸበቶ ናቸው። ስለ ሾፌሮች ሳማርር ዝም ብለው ሰሙኝና «ና እስቲ» ብለው ወደ መኪናቸው ወሰዱኝ። ሳይክሌን በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው ጥግ አስደገፏትና ጋቢና አወጡኝ። በቀኙ ስፖኪዮ አየሁ፦ አስፋልት፣ የተሳቢው ጎን፣ አንዲት ፍየል። ሳይክሌ የለችም። አንገቴን አሰገግሁ፤ አሁንም የለችም።

«የት አለች ጋሼ?»

«እኔም እሱን ነው የምልህ» አሉ። «መታጠፊያ ላይ በቀኜ አትግባ። ፊቴ በስፖኪዮው ካልታየህ እኔም አላይህም።»

ከዚያ የራሳቸውን ብሶት ዘረገፉት፤ በጨለማ ያለ መብራት የሚነዳውን፣ ዳገት ላይ ተሳቢ ይዘው የሚጎተቱትን ልጆች። ልጆቹን ሲያነሱ ድምፃቸው ተቀየረ። የፉሉን ሂሳብ ከፍለው ሄዱ፤ ብለምንም እምቢ አሉ።

ከሞጆ በኋላ ተሳቢ ሲመጣ ብዙም አልደነገጥኩም። ሰፊ ቦታ ትተው ያለፉኝ ጥቂት አይደሉም። ጠርዙ ግን ያስፈራል። አስፋልቱ ያልቅና አፈሩ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምራል። የጫት አይሱዙ ሽው ብሎ ሲጠጋህ ወይ ከእሱ ጋር ትከሻ ትጋፋለህ፣ ወይ ስንዝሩን ትዘላለህ። እኔ ዘለልኩ፤ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። አዳማ መግቢያ ያለው ጎሚስታ በ80 ብር ለጠፈልኝና «ሞተር ግዛ» ብሎ መከረኝ።

መልሱን በመኪና አደረግሁት። በክፍያው መንገድ ስለሚሄድ ሳይክሌም ልትረግጠው ያልተፈቀደላትን አስፋልት ጣራ ላይ ሆና ልታየው ነው። ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀላት።

«የሰው ከከፈለች መቀመጫ ይሰጣታ!» አልኩት።

«እዚያ ላይ ንፋስ አለ፤ ይሻላታል» ብሎ ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለ።