በዚህኛው ጉዞ እኔም ሙያዬን ይዤ ነው የምሄደው

በ2012 ዓ.ም. ባለቤቴ ለሁለተኛ ዲግሪው ጀርመን ሄደ፤ እኔም በዓመቱ ተከተልኩት። ጎንደር ላይ ነርስ ነበርኩ። እዚያ ግን በሆቴል አልጋ ሳነጥፍና መታጠቢያ ቤት ሳጥብ ከረምኩ። ሥራው አያሳፍርም፤ ቤት ኪራያችንን የከፈልነው በእሱ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነበር። ሆቴሉ አጠገብ ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነርስ የሚፈልግ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አገሩ የነርስ ያለህ እያለ፣ እኔ ነርሷ በየማለዳው እያነበብኩት አልፋለሁ። ዲፕሎማዬ ጎንደር፣ ሣጥን ውስጥ ነበር።

በ2014 ክረምት ወደ ጎንደር ስንመለስ ባለቤቴ የአገልግሎት ግዴታውን ጨርሶ ለዶክትሬት ተመልሶ ጀርመን እንደሚሄድ አውቀናል። ሦስት ዓመት ነበረን። ገና ዕቃችንን ሳንፈታ፣ «እንደ በፊቱ ተከታይ ሆኜ አልሄድም» አልኩት። እሱም ቃል ገባልኝ። ቃል መግባቱ ቀላል ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው ምን እንደሚጠይቁ በትክክል ማወቅ ነው። የጀርመን ነርሶች ሥልጠና ሦስት ዓመት ሆኖ 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት በተግባር ነው። የውጭ ሰው ትምህርት ከዚህ ጋር ይነጻጸራል፤ የጎደለው በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና ይሞላል። ስለዚህ ዲፕሎማውና የውጤት ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ትምህርት ስንት ሰዓት እንደተማርሽ፣ በየትኛው ዋርድ ስንት ሰዓት እንደሠራሽ በማኅተም መረጋገጥ አለበት። ይህን የነገረን ሰው ስላልነበረ ነው ያኔ ባዶ እጄን የሄድኩት። በዚህ ላይ ለሥራው በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ይፈለጋል፤ እኔ የነበረኝ ለቪዛ የወሰድኩት የጀማሪው ደረጃ፣ ኤ1 ብቻ ነው።

ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የሚያሳድገውን የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ጀመርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆስፒታል፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍል፣ ጀርመንኛው ደግሞ በተገኘው ቀዳዳ። ባለቤቴ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያስተምራል፤ ማታ ማታ የዶክትሬት ፕሮፖዛሉን ይጽፋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንደዘለቅናቸው አላውቅም። ከማታ ዱቲ ጠዋት ስገባ እሱ ይወጣል፤ በር ላይ ቁልፍ እንቀባበላለን።

በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የቋንቋ ትምህርቴ ሁሉ በስልክ ነበርና ቆምኩ። ባለቤቴ ዋይፋይ በሚያገኝበት ቢሮ እያመሸ ዶይቸ ቬለ በነፃ የሚያቀርባቸውን የጀርመንኛ ትምህርቶች በፍላሽ ያመጣልኝ ጀመር። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ በሻማ እጽፋለሁ። ያ ፍላሽ አሁንም አለኝ።

ዋናው ጠባችን የመጣው በ2016 ነው። ማታ ባጃጅ ስለማይገኝ ሁለታችንም በጊዜ ቤት እንገባለን፤ ያው አንዲት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። ድካሜን አይቶ፣ «አንድ ሴሚስተር ብታቋርጪውስ? እዚያ ትጨርሺዋለሽ» አለኝ። አዝኖልኝ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን፣ «ባለፈውስ የተቋረጠው የማን ነበር?» አልኩት። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። በሦስተኛው ቀን ትልቅ ወረቀት አምጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈና የሁለታችንንም ሳምንት በሰዓት ጻፍን፤ ለየራሳችን ጥናት የሚተርፈንን ሰዓት በየቀለማችን ቀባን። የኔ ቀለም ያለበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እሱም ቆሞ አየው፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ጠረጴዛው የኔ ሆነ፤ ሽሮውን እሱ ይሠራል። ከዱቲ የገባ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት አይቀሰቀስም። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ግን ስለ ወረቀትና ስለ ቪዛ እሁድ ማታ ብቻ ማውራታችን ነው፤ በፊት እንቅልፋችንን የሚወስደው እሱ ነበር። አማቴ መጀመሪያ ልጃቸው ወጥ ሲያማስል ሲያዩ ከፍቷቸው ነበር። የነርስ ደብተሬን አገላብጠው ካዩ በኋላ ግን፣ «ልጄ፣ አንቺ ተማሪ፤ ድርቆሹን እኔ አደርቅልሻለሁ» አሉኝ። ጥር ላይ የሴሚስተር ፈተናዬ ከጥምቀት ጋር ሲገጥም፣ የጎንደር ቤት እንግዳ አይዘጋበትምና፣ የከተራውንም የበዓሉንም እንግዳ እሳቸውና ልጃቸው ተቀበሉልኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለትኬትና ለቪዛ ያስቀመጥነው የዕቁብ ገንዘብ ግማሽ ያህሉ እንደ ጉም በነነ። እሱ ተጨማሪ ክፍል ያዘ፤ እኔ ተጨማሪ ዱቲ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ፤ ከቢ2 በፊት ያለው የቢ1 ፈተናዬ ሊደርስ ወር ሲቀረው ዱቲ መቀነስ ነበረብኝ። መንገዱ ስላላስተማመነን በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ። ፈተናው ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር ነው፤ በእያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። መጻፍ ጣለኝ። ደግነቱ የወደቁበትን ክፍል ለብቻው መድገም ይቻላል፤ በሁለተኛው አለፍኩ። ለዱቲው የተከፈለኝ ለሁለተኛው ትኬት አልበቃም።

ወረቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የአባቴ ስም በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤስ፣ በዲፕሎማዬ ላይ በሁለት ኤስ ተጽፏል። አንደኛው ሰነድ ላይ ደግሞ የልደት ዘመኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይቀየር ስለገባ ሰባት ዓመት አርጅቻለሁ። የሰዓት ዝርዝሩን የጠየቅሁት ተቋም «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም» ብሎ አምስት ወር አመላለሰኝ። በመጨረሻ ሠንጠረዡን ራሴ ከድሮ ደብተሮቼና ከሥርዓተ ትምህርቱ አዘጋጅቼ፣ አረጋግጠው እንዲፈርሙበት ብቻ ስወስድላቸው በሁለት ሳምንት አለቀ። ከዚያ የሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ይህን ሥራ ለመጨረሻው ዓመት አታቆዩት።

ከ2015 ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ ግድ ነው። በ2017 ክረምት ተፈተንኩ። ውጤቱን ያየው ባለቤቴ ነው፤ ዱቲ ላይ ስለነበርኩ ስልኬን አላነሳሁም። ዋርዱ በር ድረስ መጣና በመስታወቱ ጣቱን ወደ ላይ አሳየኝ። የበሽተኛ ግፊት እየለካሁ ነበር፤ ቁጥሩን ሁለቴ መድገም ነበረብኝ።

ቢ2ን እዚያ እጨርሰዋለሁ፤ የማሟያ ሥልጠናውም አይቀርልኝም። አማቴ ሽሮውንና በርበሬውን ሰፍተው ጨርሰዋል። ሻንጣዎቹን ትናንት ከሰፈሩ ባለሱቅ ሚዛን ላይ አወጣናቸው፤ አንዱ 23 ኪሎ አልፎ ድርቆሽ ቀነስን። የሰነዶቼ ፋይል ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጄ ነው የምይዘው።